የሴራሚክ ኢንሌይና ኦንሌይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንሌይ ይብቃ ወይስ ኦንሌይ ይሠራ የሚለውን በምን ልወስን?

መልስ፦ ሁለቱም ከአፍ ውጭ ተሠርተው በተቦረቦረ ጥርስ ላይ የሚለጠፉ መሙያዎች ናቸው። ኢንሌይ በጥርሱ ማኘኪያ ገጽ ጉብታዎች መካከል ይቀመጣል፤ ኦንሌይ ቢያንስ አንዱን ጉብታ ይሸፍናል። የተረፈውን የጥርስ ግድግዳ ውፍረት ግርጌው ላይ ይለኩት። ነርቩ ጤነኛ በሆነ ጥርስ ከ2 ሚሊ ሜትር፣ የሥር ሕክምና በተደረገለት ከ3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ጉብታውን ዝቅ አድርጎ መሸፈን ይሻላል። ስንጥቅ ካለበትም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ኦንሌዩ በለጠፍኩት በወሩ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ሲሚንቶው ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጥርሱን አዘገጃጀት ነው። ሊቲየም ዳይሲሊኬት የተባለው የመስታወት ሴራሚክ በማኘኪያው ገጽ መሃለኛ ቦይ ቢያንስ 1.5፣ በሚሸፈነው ጉብታ ላይ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ብዙዎች ጉብታው ላይ ለክተው ቦዩን ይረሱታል፤ ቴክኒሻኑ ቦዩን ሲቀርጽ ግን የሚሳሳው እዚያው ነው። የውስጥ ማዕዘኖችን ያድቦልቡ፤ ሹል ማዕዘን ጫናውን አንድ ቦታ ይሰበስባል። ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ይከፈቱ። ጠርዙ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ይጨረስ፤ ስስ ጠርዝ ይሸረፋል። ሳይለጠፍም «እስቲ ንከስ» ማለት አይገባም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከጥርሱ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የሴራሚኩ ውስጥ ገጽ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

መልስ፦ ልኩን ሞክረው ካጠቡ በኋላ ከአፍ ውጭ 5 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይቀቡ፦ ለሊቲየም ዳይሲሊኬት 20 ሰከንድ፣ ለፌልድስፓር ሴራሚክ 60 ሰከንድ። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ይህ አሲድ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ይጎዳል። ታጥቦ ሲደርቅ ገጹ ደብዘዝ ብሎ እኩል ይነጣል። እንደ ጠመኔ ዱቄት ያለ ነገር ከቀረበት የአሲዱ ዝቃጭ ነውና በፎስፎሪክ አሲድ ለአንድ ደቂቃ እያሹ ያጥቡት። ከዚያ ሳይሌን (ሴራሚኩን ከሬዚን ሲሚንቶ ጋር የሚያያይዝ ፈሳሽ) ቀብተው 60 ሰከንድ ይቆዩና በአየር ያድርቁ። ዚርኮኒያ በተባለው ሌላ ሴራሚክ ላይ ይህ አሠራር አይሠራም፤ አሲዱ የሚበላው የመስታወት ክፍል የለውም።

ጥያቄ፦ ታካሚው ሲያኝክ ያመዋል።

መልስ፦ በንክሻ ወረቀት ከፍ ያለ ነጥብ ይፈልጉ። ከሌለ ዴንቲኑ (ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) በደንብ አልታሸገ ይሆናል። ለቀጣዩ፣ ዴንቲኑን እንደቆረጡ፣ የጥርሱን ቅርጽ ልክ በሲሊኮን ከመውሰድዎ በፊት በቦንዲንግ (በማጣበቂያ ሬዚን) ያሽጉት፤ የመጨረሻውን ብርሃን በግሊሰሪን ሥር ይስጡ። አለዚያ ላዩ ላይ የሚቀረው የሚያጣብቅ ሽፋን የሲሊኮኑን ልክ ያበላሻል። ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የጎማ ሽፋን) አይዘለል፤ ምራቅ የነካው ገጽ አይጣበቅም።

ጥያቄ፦ ጊዜያዊው ሲሚንቶ ዩጂኖል (የቅርንፉድ ዘይት ንጥረ ነገር) ቢኖረውስ?

መልስ፦ ይቅር። የሬዚን ሲሚንቶውን መጠንከር ያውካል።

ጥያቄ፦ የተትረፈረፈውን ሲሚንቶ መቼ ላንሳ?

መልስ፦ 2 ወይም 3 ሰከንድ ብርሃን ሰጥተው፣ እንደ ጎማ ሲሆን። ኦንሌዩን በጣት ተጭነው ይያዙ፤ የጥርስ ክሩንም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሳቡት።