«ተወረሰ» ወይስ «ተነጠቀ»?

ጥያቄ፦ አባቴ «በ1967 ዓ.ም. ቤታችን ተወረሰ» ይላሉ። ውርስ ግን ከሟች የሚገኝ አይደለም? ባለቤቱ ቆሞ እያየ የተወሰደበትን ቤት «ተነጠቀ» ማለት አይሻልም?

መልስ፦ አባትዎ አልተሳሳቱም። «ወረሰ» በሥሩ የሌላውን የራስ ማድረግ ነው። የፊተኛው ባለቤት ይሙት፣ ይገደድ፣ ግሡ አይናገርም። «ግቢውን አረም ወረሰው» ስንል የሞተ ሰው የለም፤ አረሙ ግን ባለቤት ሆኗል። የዕብራይስጡ ዘመዱ «ያራሽ»ም እንዲሁ ነው፤ ርስት መውረስም፣ ነዋሪውን አስለቅቆ መያዝም ይሆናል።

ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ይህ ፍች በጣም በርትቷል። ዛሬ «የተወረሰ ቤት» ሲባል ልጅ ከአባቱ ያገኘው ቤት በሐሳባችን አይመጣም፤ ያንን «በውርስ የተገኘ» ብለን እንለየዋለን። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። «ርስት» የሚለው ስም ራሱ የተገኘው ከ«ወረሰ» ነው። በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ርስትን ያስቀረው ድርጊት የተጠራው ርስትን በወለደው ግሥ ነበር።

«ቀማ» ጉልበትን ያጎላል። «ነጠቀ» ደግሞ ከእጅ ማስለቀቅን ይናገራል እንጂ የተወሰደው ነገር የወሳጁ መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ ዜግነት ይነጠቃል እንጂ አይወረስም፤ የነጠቀው መንግሥት ለራሱ አያደርገውምና። ማዕረግም እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ቤት ግን ተወስዶ የመንግሥት ሆኗል፤ ስለዚህ «ተወረሰ» ትክክለኛ ቃሉ ነው።

ጋዜጠኞች አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ካሳ ተከፍሎ ለመንገድ ሥራ የተለቀቀን ቤት «ተወረሰ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለዚህ የሚጠቀመው «መውሰድ» በሚለው ቃል ነው፤ «መውረስ» በሕግ ቋንቋ ያለ ካሳ የሚፈጸም፣ ብዙ ጊዜም ቅጣት የሆነ ነው።

አባትዎ ኀዘናቸው እንዲሰማ ከፈለጉ ግሡን መቀየር አያስፈልጋቸውም። ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ደረሰ የምታሳየውን «ብ»ን ይጨምሩበት፦ «ቤታችን ተወረሰብን»።