የእቁቡን ገንዘብ አጥፍቼ እንዴት ልዘምር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት በመዘምርነት 11 ዓመት አገልግያለሁ። የ22 ሰዎች እቁብ ገንዘብ ያዥም ነበርሁ። ሱቄ ሲከስር ከእቁቡ 86,000 ብር አንሥቼ ሽንኩርት ገዛሁበት፤ በሳምንት እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ሽንኩርቱ መጋዘን ውስጥ በሰበሰ። በዚያ እሑድ ዕጣ የወጣላቸው ጉልት የሚቸረችሩ እናት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እስካሁን 31,000 ብር ከፍያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግን ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ እንጂ አልገባም። ለመሆኑ መጀመሪያውኑ እግዚአብሔር ጠርቶኝ ነበር ወይስ ራሴን በራሴ ነው የጠራሁት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የቅዱስ ያሬድን ትል ያስታውስህ ይሆናል፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ የወጣችውን። ትምህርት አልገባህ ላለው ልጅ እኔም የምነግረው እርሷን ነው። ለአንተ ግን አትበቃም። ትሏ የበደለችው ሰው የለም፤ አንተ የሰው አደራ በልተሃል። ስለዚህ ወደ ጴጥሮስ እንሂድ።

በዮሐንስ ወንጌል የፍም እሳት ሁለት ቦታ እናገኛለን። አንደኛው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ነው (18፥18)፤ ጴጥሮስ እርሱን እየሞቀ ጌታውን ካደ። ሁለተኛው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ነው (21፥9)፤ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቀው ጌታ ራሱ ነው። ጴጥሮስ ውኃውን ጥሶ ሲወጣ ያችን የብርድ ሌሊት ያስታወሰው ይመስለኛል። ጌታ አስቀድሞ አበላው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ፤ በጎቹንም የተረከበው እያዘነ ነው። ጌታ የቀድሞው ጥሪህ ከንቱ ነበር አላለውም። ነገሩንም እንዳልተፈጸመ አድርጎ አላለፈውም።

ይህን የምጽፍልህ ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ወጣት ሳለሁ በአንድ ደብር ጧፍና ሻማ እሸጥ ነበር። ከሣጥኑ 320 ብር ወሰድሁ። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ «ግድ የለም» ይሉኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ገንዘቡን እስክመልስ ድረስ ከቅዳሴ በኋላ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ሰም በማንኪያ እንድፍቅ አዘዙኝ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። የደረቀው ሰም ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀኑን ሙሉ እጄ ጧፍ ጧፍ ይሸትት ነበር። ያን ጊዜ ቅጣት መስሎኝ አለቀስሁ። የሰረቅሁት ከዚያው ሻማ ነበርና፣ ወደ አገልግሎት የመለሱኝ በወደቅሁበት ቦታ በኩል መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የአንተም ፍም ያለው እቁቡ ዘንድ ነው። ከደጅ ተሳልመህ የምትሸሸው እግዚአብሔርን ብቻ ሳይሆን እነዚያን ሰዎች ጭምር ይመስለኛል። ለነፍስ አባትህ ሁሉንም ንገራቸው። የቀረውን 55,000 ብር በየወሩ ስንት እንደምትከፍል ጽፈህ በእቁቡ ዳኛ ፊት ፈርም። መቼ መዘመር እንዳለብህ አንተ አትወስን፤ ያን ለአባቶች ተወው። ቅዳሴ ግን አትቅር፤ የተራበ ሰው ከማዕድ አይሸሽም።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ እኒያ እናት ሂድ። በእጅህ ያለውን ያህል ይዘህ፣ በጠዋት፣ ገበያው ሳይሞቅ። ጉልታቸውን ሲዘረጉ ብትደርስ ጆንያውን በአንድ በኩል ያዝላቸው።