መነጽሩ ይቆይ፣ ቡናው ይፈላ

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባል። አሜሪካ ያለች እህቴ «የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ልላክልሽ፤ ከሰው መግባባት ያለማምደዋል» አለችኝ። ባለቤቴ ግን «ጭራሽ ከሰው ልታጠፊው ነው?» ብሎ ተቆጣ። ከተኳረፍን ሳምንታችን ነው። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ እህትሽ ይህን ያለችው ከመሬት ተነስታ አይደለም። መነጽሩ ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ዙሪያውን ያሳያል፤ ያደረገው ልጅ መንገድ ዳር የቆመ ወይም ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። ሰላምታ ቢሳሳት የሚስቅበት የለም። መቶ ጊዜ ቢደግም የሚሰለቸው የለም። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መነጽሩን ትቶ ምስሉን በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው 9 ልጆች 8ቱ የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ ችለዋል፤ የተጨናነቀ አውቶቡስ፣ እርግብም ሳይቀር። ልብ በይ፣ አጠገባቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ልጁን መነጽር አድርጎለት እንጀራ ለመጋገር መሄድ ሌላ ነው።

ባለቤትሽም አልተሳሳተም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ መድገም ይቸግረዋል። መነጽሩ ውስጥ ሰላም ያለ ልጅ እናንተ በር ላይ ዝም ሊል ይችላል። ደግሞ ፕሮግራሞቹ ባብዛኛው ለፈረንጅ ልጅ የተሠሩ ናቸው፤ ዓይን ዓይን እያዩ ማውራትን ያስተምራሉ። ጎጃም ውስጥ ትልቅ ሰው ላይ ዓይኑን የሚያፈጥ ልጅ ምን እንደሚባል አንቺው ታውቂዋለሽ።

ዕድሜውም ገና ነው። ሜታ ኩዌስት የሚባለውን መነጽር አምራቹ ራሱ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅድም። እህትሽን አመስግኚና ይቆይ በያት።

እስከዚያው ስልክሽ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ልጁ የለመዳት አንዲት ጎረቤት ስትገባ፣ «እንዴት ዋላችሁ» ስትል፣ ቁጭ ብላ ቆሎ ስትዘግን ይቀረጽ። ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። በልጁ ቁመት ዝቅ ተብሎ ይቀረጽ፤ እሱ ከታች የሚያየው ቀሚስና ጉልበት ነውና። በየቀኑ አሳዩት። ከዚያ ያቺው ጎረቤት ብቻዋን ትምጣ፣ ለአንድ ስኒ። በግድ አይሳም። እጁን ካወዛወዘ ሰላም ብሏል። አልጋ ሥር ከገባም አትጎትቱት።

የባለቤትሽ ቁጣ የመነጽሩ ብቻ አይመስለኝም። የልጁን ነገር አንቺና እህትሽ በስልክ የጨረሳችሁት መስሎት ይሆናል። ቀራጩ እሱ ይሁን። ዛሬ ማታ ስልኩን ስጪውና «የትኛዋን ጎረቤት እንጥራ?» በይው።