ዱቄቴ ለምን ሰነፈ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ የዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ፕሮጀክቴ በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣት ነው። ፕላቲነም ጣል ያደረግኩበትን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ዱቄት በአልኮል አጥቤ ውሃ ውስጥ በተንኩት። የመጀመሪያው ቀን ጋዙ ደህና ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ውሃው ሲጎድል ከቤት ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ዱቄቱ ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። እኔ እንዲያውም የምጠረጥረው ያንን ጥሩውን ቀን ነው። ብርሃን ዱቄቱን ሲመታ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ እሱ ሃይድሮጅን ይሠራል፣ ትቶት የሄደው ጎዶሎ ቦታ ደግሞ ከውሃው ኦክስጅን ማውጣት ነበረበት። ይሄኛው ሥራ ከባድ ነው። አልኮል ካገኘ ግን ውሃውን ትቶ እሱን ይበላል፣ ኤሌክትሮኑም ተመልሶ ጎዶሎው ውስጥ የመግባት ዕድሉ ስለሚቀንስ ሃይድሮጅኑ ይበረክታል። ስታጥበው የቀረው አልኮል ሲያልቅ ድግሱም አለቀ። ማረጋገጫው ኦክስጅኑን መለካት ነው። ውሃ በትክክል ከተሰነጠቀ ለ2 እጅ ሃይድሮጅን 1 እጅ ኦክስጅን መውጣት አለበት። ኦክስጅኑ ከሌለ፣ ውሃውን በትክክል አልሰነጠቅከውም ማለት ነው።

ጀሪካኑም ከደሙ ንጹህ አይደለም። ላቦራቶሪ የሚወደው ፒ 25 የሚባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አንድ ግራሙ ቢዘረጋ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እንደ እናንተ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ወለል በለው። ያ ሁሉ ቆሻሻ መቀመጫ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አይተህ የለ? ያንን የሚሠራው ካልሲየም ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ብርሃንና ውሃ የሚነካው ገጽ ይቀንሳል። ለጤናችን የተጨመረው ክሎሪን ደግሞ ኤሌክትሮኑን ይሻማል።

ቆሻሻ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ውሃን በኤሌክትሪክ ለመሰንጠቅ በሚያገለግል ኒኬል ላይ፣ ከፈሳሹ ሾልኮ የሚለጠፍ ኢምንት ብረት (አይረን) ኦክስጅን የማውጣቱን ሥራ በጣም ያፋጥነዋል፤ ሰዎች ለዓመታት ኒኬሉን ሲያመሰግኑ የሠራው ብረቱ ነበር። ስለዚህ «አጽዳ» ብቻ ሳይሆን ምን እንደጸዳና ምን እንደቀረ መዝግብ።

አዲስ ዱቄት በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ደጋግመህ እጠብ፣ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ዱቄቱን ከውሃው በሚለይ ማሽን) እየለየህ። የቀረችውን ቅባት ዱቄቱ ራሱ አልትራቫዮሌት ሲያገኝ ያቃጥላታል፣ ጨውን ግን አይነካም። ከዚያ አንዱን ጠርሙስ በጨለማ፣ አንዱን ያለ ዱቄት ሞክር፤ እዚያም ጋዝ ከወጣ ምንጩ ሌላ ነው። ኦክስጅኑን ስትለካ ቁጥሩን ላክልን።