ስልካችሁን ትታችሁ ጫካ ግቡ

ልጆቼ፣ እኔ 34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ድንገተኛ ክፍል። እዛ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፣ ሞኒተሩ ይጮሃል፣ አስታማሚ ይጣራል፣ ስልክ ይደወላል፣ ግን ስቴቶስኮፑ ደረት ላይ ሲያርፍ አጠገባችን የሚያወራውን ሰው "እስቲ አንዴ" እንለዋለን። ካልሆነ ልብ አይሰማማ። ይሄን ለሰው ስንት ሺ ጊዜ አድርጌ ለራሴ ግን አንድም ቀን አላደረግኩትም ነበር።

አንድ ናይት ዲውቲ ላይ አንዲት ወጣት እናት እጃችን ላይ አረፈች። የምንችለውን ሁሉ አድርገናል፣ እኔ ግን ከዛ በኋላ ለሳምንታት መጸለይ አቃተኝ፣ ውዳሴ ማርያሙን እገልጣለሁ፣ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ግን የለም። ባልደረባዬ ነገሬን አይታ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መናገሻ ሱባ ይዛኝ ሄደች። በሰበታ በኩል ነው፣ ወጨጫ ተራራ ላይ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው የሚባለው ደን።

አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሰላም የለውም፣ ያልከፈልኩት ዕቁብ መጣ፣ ከእህቴ ጋር የተኳረፍንበት መጣ፣ የዛች ያረፈችው እናት ፊት መጣ። ብዙዎቻችሁ ተነስታችሁ ስልክ የምታወጡት እዚህ ጋ ነው። ባካችሁ አትነሱ! ያመረቀዘ ቁስል ስናጥብ መጀመሪያ የሚወጣው መግል ነው፣ መግል አየሁ ብሎ ፋሻውን መልሶ የሚጠቀልል ነርስ የለም። ቆይቼ አለቀስኩ። ከላይ ጉሬዛ ሲዘል የጽዱ ፍሬ ጭኔ ላይ ረገፈ፣ አንዷን አንስቼ በጣቴ ሳሻት ሽታዋ እንደ ዕጣን ወጣ፣ ያኔ ነው ሳላስበው ከአፌ "እግዚኦ" የወጣው። ያን ቀን ሌላ ጸሎት አልጸለይኩም፣ ከሳምንታት በኋላ የጸለይኩት ግን ያንን ነው።

ኤልያስ ኮሬብ ላይ ነፋሱም የምድር መናወጡም እሳቱም ካለፉ በኋላ ነው "ትንሽ የዝምታ ድምፅ" የሰማው። ድሮ ሳነበው ድምፁ ነበር የሚገርመኝ፣ አሁን የሚገርመኝ ያ ሁሉ እስኪያልፍ እዛው መቆየቱ ነው።

ሱባ ድረስ መሄድ ካልቻላችሁ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን እዛው ግቢ ውስጥ አንድ ወይራ ሥር ቁጭ በሉ፣ አባቶቻችን ቤተክርስቲያንን በዛፍ የከበቡት ያለ ነገር አይደለም። ሙስሊም ልጆቼም ፈጅር ሰግዳችሁ ከተማው ሳይነሳ ያለችውን ሰዓት ለስልክ አትስጧት።

ጫካ ስትሄዱ ጋቢ ያዙ፣ ጠዋት ላይ ይበርዳል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ከጓደኛ ጋር ሄዳችሁ እየተያያችሁ ሃምሳ እርምጃ ያህል ተራርቃችሁ ተቀመጡ፣ ወሬውን ስትመለሱ መንገድ ላይ ታወሩታላችሁ።