ቴአትሩ «ወደ ፊልም ተቀየረ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ሬንት» የተባለውን ፊልም አየሁና ለጓደኞቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የምወደው የሮክ ሙዚቃዊ ቴአትር ወደ ፊልም ተቀይሮ አየሁት። ተዋንያኖቹ መድረክ ላይ የነበሩት ናቸው። ግን ዘፈኑን ትተው ያወራሉ።» አንዱ ጓደኛዬ «ተቀየረ ሳይሆን ተተረጎመ ነው የሚባለው» አለኝ። ሌላዋ «ተዋንያኖች» ስህተት ነው አለች። እነሱ ሲጨቃጨቁ ስለ ፊልሙ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሴቷ ጓደኛሽ ልክ ናት፤ ወንዱ ግን አይደለም። አንቺም ብትሆኚ «ተቀይሮ» ላይ አልተሳካልሽም።

«ተቀየረ» ስንል አንዱ ሄዶ ሌላው ቦታውን ያዘ ማለታችን ነው። ጎማ ይቀየራል፣ ልብስ ይቀየራል። መጋዘኑ ወደ አዳራሽ ተቀየረ ካልሽኝ መጋዘኑን ብፈልግ አላገኘውም። «ሬንት» ግን የትም አልሄደም። በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ፣ ኔደርላንደር ቴአትር ቤት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1996 የጀመረው ትርኢት ፊልሙ በ2005 ሲወጣ እዚያው እየታየ ነበር፤ የቆመው ሴፕቴምበር 2008 ነው። ኒው ዮርክ ያለ ሰው ቀን ፊልሙን አይቶ ማታ ቴአትሩን ሊያይ ይችል ነበር። ታዲያ ምኑ ነው የተቀየረው? «ተለወጠ» ብትዪም ያው ነው።

«ተተረጎመ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቴአትሩ ተተረጎመ የሚለኝን ሰው «ወደ ምን ቋንቋ?» ማለቴ አይቀርም። እርግጥ ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ እንደምንለው፣ የተጻፈውን አብራርቶ ምሥጢሩን ማውጣት። በዚህ ከሄድን ጓደኛሽ ትንሽ መውጫ ያገኛል። ድርሰቱንም ዜማውንም የሠራው ጆናታን ላርሰን ጃንዋሪ 1996፣ ሥራው ኦፍ ብሮድዌይ (ከብሮድዌይ አነስ ባሉት የኒው ዮርክ ቴአትር ቤቶች) ላይ መታየት ሊጀምር በነበረበት ዕለት ማለዳ በድንገት ስላረፈ፣ ዳይሬክተሩ ክሪስ ኮሎምበስ «ይቺን ምን ብለህ ነው የጻፍካት?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ እንደገባው ሠራው። «ኮሎምበስ ቴአትሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው» ብትዪ እቀበልሻለሁ። ያ ግን ስለ ሰውየው አረዳድ የምትሰጪው አስተያየት ነው እንጂ ፊልሙ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

እኔ ብሆን «በፊልም ተሠራ» እላለሁ። ቴአትሩ በቦታው እንዳለ እንዲታወቅልሽ ከፈለግሽ «በፊልምም ተሠራ» በዪ፤ ያቺ አንዲት «ም» ሥራውን ትጨርስልሻለች።

ላርሰን «ላ ቦኤም»ን ካቀናበረው ከኢጣሊያዊው ፑቺኒ ጋር ያለው ነገር ግን ለየት ይላል። «ሬንት» የተነሣው በ1896 መድረክ ላይ ከዋለው «ላ ቦኤም» ኦፔራ ነው። ሆኖም የፓሪሱ ሰፈር የኒው ዮርኩ ኢስት ቪሌጅ ሆኗል፣ የሳንባ ነቀርሳው ኤድስ ሆኗል፤ ገጸ ባሕሪዋ ሚሚ ግን ስሟን እንደያዘች ናት። ይህን «ኦፔራው በሮክ ተሠራ» ብትዪው ያንሰዋል። «ኦፔራውን መነሻ አድርጎ ጻፈው» ነው የሚባለው። መነሻ ያለው ሰው ከተነሣበት ርቆ መሄድ ይችላል። «ላይ የተመሠረተ» የሚለውም ያስኬዳል፣ ጋዜጣዊ መግለጫ መግለጫ ባይለኝ።

«ተዋንያን» በግዕዙ ሥርዓት የበዛ ነው፤ «ኦች» ስትጨምሪበት ሁለት ጊዜ ይበዛል። «ካህናቶች» እና «መምህራኖች» የሚሉትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። በወሬ መሐል ሲባል ብሰማ ከማንም ጋር አልጣላም፤ ስትጽፊ ግን «ተዋናዮቹ» ወይም «ተዋንያኑ» ይሁን። ደግሞ «የነበሩት ናቸው» ስትዪ ሁሉም ማለት ይሆንብሻል። ፊልሙ ሲጀምር ስምንቱ ዋና ተዋናዮች ባዶ ወንበሮች ፊት፣ መድረክ ላይ ተደርድረው ይዘፍናሉ። እዚያ ላይ ቁጠሪያቸው፤ ስድስቱ የብሮድዌይ የመጀመሪያው ቡድን አባላት ሲሆኑ ሮዛሪዮ ዶውሰንና ትሬሲ ቶምስ ለፊልሙ የመጡ ናቸው። «አብዛኞቹ» በዪ።

ከሁሉም የሚከብደው ማንም ያልነካብሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዘፈኑን ትተው ያወራሉ» ያልሽው። ፊልሙ የጣለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አንቺ በአንድ ቃል ጠቀለልሽው። ዘፈን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ስም ይወጣለታል፣ ነጥለሽ ታዳምጪዋለሽ። ለምሳሌ «ሃሎዊን» የተባለው ዘፈን የፊልሙ አልበም ላይ አለ፣ ፊልሙ ውስጥ የለም። ዘፈን ቀረ ማለት ይሄ ነው። ሁለተኛው የቀረው ዜማ ነው። መድረኩ ላይ ሰዎቹ ተራ ወሬያቸውን ሳይቀር በዜማ ነው የሚያወሩት፤ ስልክ ላይ የሚተውት መልእክት እንኳ ይዜማል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በፊልሙ ንግግር ሆኗል። ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም። ጆሮ ሰጥተሽ ከሰማሽ ደግሞ አንዳንዱ ንግግር አሁንም ቤት ይመታል፤ ሁለት ሰው ተራ ነገር እያወራ ድንገት የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጨረሻ ጋር ይገጥማል። ዜማው ተነሥቶበት ብቻውን የቀረ ግጥም ነው። እኔን ከዘፈኖቹ መቅረት ይልቅ የከነከነኝ ይሄ ነው፤ ወይ ይዝፈኑት፣ ወይ እንደ ሰው ያውሩት።

ስለዚህ «በዜማ ይሉት የነበረውን ዝም ብለው ያወሩታል» ብትዪ ይሻላል። (ዝም ብሎ እንዴት ይወራል እንዳትዪኝ። በአማርኛ ይወራል።)

እንግዲህ ለጓደኞችሽ እንደገና ላኪላቸው፦ «የምወደው የሮክ ሙዚቃዊ ቴአትር በፊልምም ተሠርቷል፤ አየሁት። አብዛኞቹ ተዋናዮች የመድረኩ ናቸው። አንዳንድ ዘፈን ቀርቷል፤ በዜማ ይሉት ከነበረውም ብዙውን ዝም ብለው ያወሩታል።»