የኦሻ ካርድ ይበቃል ወይ ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ዲሲ ውስጥ የሕንፃ መስኮት የማጽዳት ሥራ አግኝተሃል። የኦሻ (የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) የ10 ሰዓት ሥልጠና ካርድ አለህ። አለቃህ ደግሞ «ሌላ ሥልጠና አያስፈልግህም፣ ሰኞ ጣሪያው ላይ እንገናኝ» ብሎሃል። አይበቃም። እኔ እዚሁ አካባቢ 11 ዓመት በገመድ ወርጃለሁ፣ እባክህ ስማኝ።

ካርዱ አጠቃላይ ትምህርት ነው። አሠሪው ለዚያ ለተለየ ሥራ መስጠት ያለበትን ሥልጠና እንደማይተካ ኦሻ ራሱ ይናገራል። በገመድ የሚወርድ ሰው ገመዱን ከመንካቱ በፊት መሠልጠን አለበት። ደንቡ ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው መንገድ ይሰጥ ይላል። ይቺን ነገር አጥብቀህ ያዛት።

እኔ ስጀምር የአሠልጣኙ እንግሊዝኛ ግማሹ አልገባኝም ነበር። በጠየቀኝ ቁጥር «እሺ» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አልገባኝም ማለት አሳፈረኝ፣ ሥራውንም እንዳላጣ ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ሮዝሊን (ከዲሲ ወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር) አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥተን ሁለቱንም ገመዶቼን አንድ አንከር (ጣሪያው ላይ የተተከለ የገመድ ማሰሪያ) ላይ አሰርኳቸው። አንዱ የምወርድበት ነው፣ ሌላው ያ ቢከዳኝ የሚይዘኝ፤ ለየብቻ መታሰር አለባቸው፣ አለዚያ አንከሩ ሲነቀል ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ። እግሬን ከጠርዙ ላሻግር ስል አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ አይቶ በሃርነሴ (ሰውነት ላይ የሚታሰር የደኅንነት ቀበቶ) ይዞ ወደኋላ ጎተተኝ። ልጄ ያኔ የሦስት ወር ሕፃን ነበረች። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል። ያን ቀን ሊገድለኝ የነበረው «እሺ» ማለቴ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ከመውረድህ በፊት የአንከሩን ወረቀት አሳየኝ በል። የሕንፃው ባለቤት አንከሮቹ መፈተሻቸውንና መረጋገጣቸውን በጽሑፍ ለድርጅታችሁ መስጠት አለበት። ምርመራው በየዓመቱ ነው፣ ማረጋገጫው ቢዘገይ ቢዘገይ በ10 ዓመት መታደስ አለበት። አንዱ አንከር ለአንድ ሰው 5,000 ፓውንድ መሸከም አለበት። ገመዱ በጠርዙ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መከላከያ ይደረግ፤ ኮንክሪት ገመድ ይበላል። ዲሲ ሕንፃው አጭር ነው ብለህ አትዘናጋ፣ ከ10ኛ ፎቅ የወደቀም የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን «ተንጠልጥዬ ብቀር ማን ያወርደኛል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «911 እንደውላለን» ብቻ ከሆነ ዕቅድ የላቸውም ማለት ነው። ሃርነስ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደም እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። በደንብ የሚያሠለጥን ድርጅት ተንጠልጥሎ የቀረን ሰው ማውረድ አንተንም ያለማምድሃል። እኔ ሁለተኛው ድርጅት ጋ ስገባ ነው ይህን ያየሁት፣ የመጀመሪያው አንድም ቀን አላሳየንም።

መሬት ላይ ሆነህ በረጅም ዘንግ ብትሠራም ኤሌክትሪክ መስመር ካለ ራቅ። ካርቦን ፋይበር ዘንግም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብዙ ሰው አያውቅም። መሰላል ከሆነ ለየ4 ጫማው ከፍታ እግሩን 1 ጫማ ከግድግዳው አርቀው።

ሃርነሱን የሚገዛው አሠሪው ነው፣ ከደሞዝህ አይቆረጥም። ደኅንነት ጠይቀህ ከተባረርክ ለኦሻ የምታመለክትበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፣ እንዳያልፍህ። በ1-800-321-6742 ደውል፣ አስተርጓሚ ጠይቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት ካለህ በውስጥ ጻፍልኝ። ገመድና ሃርነሴን ይዤ መጥቼ አንድ በአንድ በአማርኛ አሳይሃለሁ። የአለቃህን ሥልጠና አይተካም፣ ግን ሰኞ ምን እንደምትጠይቅ ታውቃለህ።